ስሟ ከዝርዝር ገብቶ ከታሪክ የወጣው ፒያኒስት

አንድን ሰው ከአደባባይ ለማጥፋት የግድ ወህኒ ቤት መክተት አያስፈልግም። ስሙን በአንዲት ወረቀት ላይ አስፍሮ ለአሠሪዎች ማደል ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማንም ፊት ለፊት «ተባረሃል» አይለውም። የሚያውቃቸው ሰዎች ስልኩን አይመልሱለትም፣ የተገባለት ቃል ይረሳል፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይገኛል። ጋዜጠኛ፣ አርቲስት ወይም መምህር ሆኖ አገሩን ጥሎ ለወጣ ሰው ይህን አሠራር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን፣ የነፃነት አገር በምትባለው በአሜሪካም ይኸው አሠራር በአንድ ወቅት በጠራራ ፀሐይ ይሠራበት እንደነበረ ነው። በዚያን ጊዜ ከተመቱት መካከል ሔዘል ስኮት የምትባል የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ትገኛለች።

ስለ ጃዝ ሲወራ የሉዊ አርምስትሮንግንና የዱክ ኤሊንግተንን ስም ያልሰማ ጥቂት ነው። ኤሊንግተንማ በ1973 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተጫውቷል። የሔዘል ስኮት ስም ሲነሳ ግን «ማን ነች ደግሞ እሷ?» የሚለው ይበዛል። እሷ በ1945 በዓመት 75,000 ዶላር ያህል የምታገኝ፣ በሆሊውድ ፊልሞች የምትታይ፣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በስሟ የተሰየመ ፕሮግራም በማቅረብ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የሆነች ሴት ነበረች። ታዲያ እንዲህ ያለ ስም እንዴት ይጠፋል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከትውልዷ መጀመር ይሻላል።

ሔዘል ስኮት ጁን 11 ቀን 1920 በካሪቢያን ባሕር ላይ በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት፣ በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ ተወለደች። ስደተኛ ነበረች ማለት ነው። እናቷ አልማ ሎንግ ስኮት ፒያኖ በወጉ የተማረችና የምታስተምር ሴት ነበረች። ከባሏ ጋር ሲለያዩ በ1924 እናቷንና ልጇን ይዛ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሠፈር ገባች። የሙዚቃ ትምህርቷ ግን ወዲያው እንጀራ አልሆናትም፤ መጀመሪያ የሠራችው በሰው ቤት ሠራተኛነት ነው። በአገሩ የተማረና የተከበረ ሆኖ ሳለ በሰው አገር መኪና ማቆሚያ የጠበቀ ወይም የሆቴል አልጋ ያነጠፈ ሰው፣ ይህን ታሪክ ለማመን ምስክር አይጠይቅም። አልማ በዚያው አልቀረችም። ሳክስፎን ተምራ ከሴቶች የሙዚቃ ጓድ ገባች፤ ቆይታም የራሷን ባንድ መራች።

ልጅቱ ገና በሦስት ዓመቷ፣ አያቷ ስታንጎራጉር የሰማችውን መዝሙር ማንም ሳያስተምራት በፒያኖ ትመታው ነበር። ስምንት ዓመት ሲሆናት እናቷ ጁሊያርድ ወደሚባለው ታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለፈተና ወሰደቻት። የተጫወተችው የሩሲያዊውን የራክማኒኖቭን ሥራ ነው። ሥራው የትልቅ ሰው እጅ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ትናንሽ ጣቶቿ ያልደረሱባቸውን ድምፆች ሊደርሱባቸው በሚችሉ ሌሎች ድምፆች እየተካች ዜማው ሳይበላሽ ተወጣችው። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ከ16 ዓመት ጀምሮ ስለነበረ በመደበኛነት አልገባችም፤ አንድ የትምህርት ቤቱ ፕሮፌሰር ግን በግል ሊያስተምራት ወሰነ። ቤቷም ቢሆን ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። እንደ አርት ቴተምና ፋትስ ዋለር ያሉት የዘመኑ የጃዝ ፒያኖ ሊቃውንት የእናቷ ወዳጆች ስለነበሩ፣ ቀን የአውሮፓውን ሙዚቃ ከኖታ ስታጠና፣ ማታ ደግሞ ጃዙን ከባለቤቶቹ እጅ በጆሮዋ ትቀበል ነበር።

በዚያን ዘመን የኒው ዮርክ የምሽት ክበቦች እንዴት እንደነበሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በራሱ በሃርለም መሃል የነበረው ኮተን ክለብ እንኳ መድረኩን ለጥቁሮች፣ ወንበሩን ለነጮች የሰጠ ቤት ነበር። በ1938 መጨረሻ ባርኒ ጆሴፍሰን የሚባል ሰው ካፌ ሶሳይቲ የተባለ ክበብ ሲከፍት፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ቤት ስላደረገው ለከተማው ትልቅ ዜና ሆነ። እዚያ ትዘፍን የነበረችው ዝነኛዋ ቢሊ ሆሊደይ በ1939 ውሏን አቋርጣ ስትሄድ፣ በእሷ ፋንታ ሔዘል ስኮት እንድትተካ አሳሰበች። ልጅቷ ያን ጊዜ 19 ዓመቷ ነበር።

የሔዘል ዘዴ ለየት ያለ ነው። የባኽን ወይም የሾፓንን ሥራ እንደተጻፈ፣ በጨዋ ደንብ ትጀምረዋለች። አድማጩ እጁን አጣጥፎ ሲያዳምጥ፣ ግራ እጇ ቀስ ብላ ቡጊ ዉጊ የሚባለውን ምት ታስገባለች። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ በሙሉ እግሩን ይመታል። በ1940 ይህንኑ አጨዋወቷን በሸክላ አስቀረጸች። የክላሲካል ሰዎች «ሙዚቃችንን ቀለደችበት» አሉ፤ ከጃዝ ተቺዎችም «ይህ ጨዋታ ነው እንጂ ጃዝ አይደለም» ያሉ አልጠፉም። ሕዝቡ ግን ተሰለፈላት። ጆሴፍሰን በ58ኛው መንገድ ሁለተኛ ክበብ ሲከፍት ዋናዋ ተጫዋች እሷ ሆነች።

ሆሊውድ ስትጠራት የመጣላት ጥቁር ሴት ሁሉ ይሰጣት የነበረው የገረድነት ሚና ነው። አራት ጊዜ ቀረበላት፤ አራቱንም ጊዜ አልቀበልም አለች። በፊልም የምትታየው ራሷን፣ ማለትም ፒያኒስቷን ሔዘል ስኮትን ሆና ብቻ እንዲሆን በውሏ ላይ አስጻፈች። በ1943 «ዘ ሂትስ ኦን» የተባለው ፊልም ሲሠራ ከእሷ ጋር የሚታዩ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ታሪኩ ባሎቻቸውን ወደ ጦርነት ሲሸኙ የሚያሳይ ነው። ልብስ አዘጋጆቹ ለሴቶቹ ሆን ተብሎ የቆሸሸ ሽርጥ አቀረቡላቸው። ሔዘል «ባሏን ለጦር ሜዳ የምትሸኝ ሴት ቆሽሻ ትወጣለች?» ስትል ተከራከረች፤ እሷ ያማረ ልብስ ለብሳ ሳለ ስለ ሌሎቹ ሽርጥ ለሦስት ቀን ሥራ አቆመች። ስቱዲዮው ኪሳራውን አይቶ ሽርጡን አነሳ። የስቱዲዮው አለቃ ሃሪ ኮን ግን እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ሁለተኛ የፊልም ስቱዲዮ እንደማትረግጥ ዛተ። ቀድማ የተዋዋለቻቸው ሥራዎች በ1945 ሲያልቁ የሆሊውድ በር በእርግጥም ተዘጋባት።

በዚያው በ1945 አዳም ክሌይተን ፓውልን አገባች። እዚህ ላይ ነገሩ የኢትዮጵያን ስም ይነካል። ፓውል ከኒው ዮርክ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ብቻ ሳይሆን፣ በሃርለም የሚገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢም ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው በ1808 ሲሆን፣ መሥራቾቿ በነጮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዘር ተለይተው መቀመጥን እምቢ ብለው የወጡ ጥቁር ምእመናን ናቸው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ እንደሚለው ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያን የባሕር ነጋዴዎችም ነበሩበት፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ለዚህችው ቤተ ክርስቲያን የኢትዮጵያን መስቀል አበርክተዋል። ተለይቶ መቀመጥን እምቢ በማለት የተመሠረተች ቤት፣ ተለይቶ የተቀመጠ ሕዝብ ፊት አልጫወትም የምትል ሙሽራ አገባች ማለት ነው።

ይህ ቃሏ ለወሬ አልነበረም። በየከተማው ስትዞር፣ ተመልካቹ በዘር ተለይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ እንደማትጫወት በውሏ ላይ ታስጽፍ ነበር። በ1948 በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲጠብቃት ጥቁሩና ነጩ ተለያይተው መቀመጣቸውን ስታይ ሳትጫወት ወጣች። የቴክሳስ ፖሊሶች አጅበው ከከተማው አስወጧት። ኋላ ለጋዜጠኞች የተናገረችው ሐሳብ ቀላል ነበር። እኔን ጥቁሯን ለመስማት የመጣ ሰው፣ እኔን የሚመስል ሰው አጠገብ መቀመጥን ለምን ይጠላል? አለች።

የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ የሆነ አንባቢ ደግሞ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በአዳምስ ሞርጋን በኩል የሚያልፈውና በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት 18ኛው መንገድ፣ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኮንስቲቲዩሽን ሆል የሚባለውን ትልቅ አዳራሽ ያገኛል። የአዳራሹ ባለቤት የሆነው የነጭ ሴቶች ማኅበር በ1939 ዘፋኟን ማሪያን አንደርሰንን በጥቁርነቷ አልቀበልም ማለቱና፣ እሷም በሊንከን ሐውልት ደረጃ ላይ 75,000 ለሚሆን ሕዝብ መዝፈኗ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ ያው ማኅበር ሔዘል ስኮትንም መከልከሉ ግን አይነገርም። ባሏ ለፕሬዚዳንት ትሩማን አቤት አለ። ትሩማን ድርጊቱን አውግዘው፣ የግል ማኅበር ስለሆነ ጣልቃ መግባት አልችልም የሚል መልስ ጻፉ። ቀዳማዊት እመቤቷ የማኅበሩን የሻይ ግብዣ ተቀብለው ሲሄዱ ፓውል በአደባባይ ተቻቸው፤ ከዚያም በትሩማን ዘመን የዋይት ሐውስ በር ለፓውል ተዘጋ።

በ1949 ደግሞ በምዕራብ ጠረፍ በዋሽንግተን ስቴት፣ ፓስኮ በምትባል ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ለጥቁር አናስተናግድም ብሎ መለሳት። ዝም አይነቅዝም ብላ መንገዷን መቀጠል ትችል ነበር። እሷ ግን 50,000 ዶላር ካሣ ጠይቃ ከሰሰች። በ1950 ፍርድ ቤት ረታች፤ የተፈረደላት ካሣ 250 ዶላር ነበር። ሆኖም ያ ፍርድ በዚያ ስቴት የጥቁሮችን መብት ለሚያስከብሩ ሰዎች ትልቅ ብርታት ሆነ።

በዚያው በ1950 ዱሞንት የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ዘ ሔዘል ስኮት ሾው» የተሰኘ ፕሮግራም ሰጣት። ከጁላይ 3 ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ በአገር ደረጃ ይተላለፍ ጀመር። ሽርጥ ሳትታጠቅ፣ ሳትቀልድ፣ ሳታጎነብስ፣ የሚያምር ቀሚስ ለብሳ ከትልቅ ፒያኖ ፊት የተቀመጠች ጥቁር ሴት በየነጩ ሳሎን ገባች ማለት ነው።

ዕድሜው ግን ሦስት ወር አልሞላም። በጁን 1950፣ የቀድሞ የኤፍ.ቢ.አይ. ሰዎች የሚያዘጋጁት አንድ መጽሔት «ሬድ ቻነልስ» የሚል ጥራዝ አወጣ። በውስጡ የ151 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች ስም «የኮሚኒስት ደጋፊዎች» ተብሎ ሰፍሯል። ክስ የለበትም፣ ዳኛ የለበትም፣ ይግባኝ የለበትም። እገሌ በዚህ ቀን ለእንዲህ ያለ ማኅበር ተጫውቷል፣ እገሌ ለእገሌ የድጋፍ ፊርማ ፈርሟል የሚል ብቻ ነው። የሙዚቃ ቀማሪው የሊዮናርድ በርንስታይን፣ የባለቅኔው የላንግስተን ሂውዝ፣ የዘፋኟ የሊና ሆርን ስም አለበት። የሔዘል ስኮትም አለበት።

ማንም መጥሪያ አልላከላትም። እሷ ግን በራሷ ፈቃድ በተወካዮች ምክር ቤት የፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ለመናገር ጠየቀች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚያሰኝ ነበር። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1950 ቀርባ ኮሚኒስት ሆና እንደማታውቅ አስረዳች፤ በ1943 ለኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት የተወዳደረን አንድ ጥቁር ኮሚኒስት መደገፏን ግን አልካደችም። ከዚያም ወደ ማጥቃት ዞረች። በሐሜት የሰውን እንጀራ መዝጋት የአሜሪካን ስም የሚያጎድፍ ነው፣ የሙያ ማኅበራትም በዚህ ዝርዝር የሚሠሩ አሠሪዎችን ሊያወግዙ ይገባል አለች። ልክ በሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን፣ ፕሮግራሟ ለመጨረሻ ጊዜ ተላለፈ። የኮንሰርት ጥሪዎችም እየሳሱ ሄዱ።

እጆቿ ግን እንደነበሩ ናቸው። በ1955 ከባሱ ሊቅ ከቻርልስ ሚንገስና ከከበሮ መቺው ከማክስ ሮች ጋር ሆና «ሪላክስድ ፒያኖ ሙድስ» የተባለውን አልበም ሠራች። ያሳተሙት እነዚሁ ሁለት ሙዚቀኞች ራሳቸው ባቋቋሙት ዴቡ በተባለ ድርጅት ነው። በዚህ አልበም ላይ የመድረክ ትርዒት የለም፤ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ሲደማመጡ ብቻ ይሰማል። «ይህ ጨዋታ ነው እንጂ ጃዝ አይደለም» ላሉት ተቺዎች መልሱ እዚያ አለ። ዛሬ ጃዝ አዋቂዎች ከሥራዎቿ ሁሉ የሚያስቀድሙት ይህንን ነው። ሲወጣ ግን ስሟ ቀድሞ ደብዝዞ ነበር።

በ1957 ልጇን ይዛ ፓሪስ ገባች። ሁለተኛ ስደቷ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው ወደ አሜሪካ፣ ሁለተኛው ከአሜሪካ። የፓሪስ ቤቷ እንደ ደራሲው ጄምስ ቦልድዊንና እንደ ዲዚ ጊለስፒ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሚሰበሰቡበት ቤት ሆነ። ከፓውል ጋር በ1960 ተፋታች። በኦገስት 1963 በዋሽንግተን ታላቁ የሲቪል መብት ሰልፍ ሲዘጋጅ፣ በፓሪስ ያሉት ከቦልድዊን ጋር ሆነው ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ሲሄዱ እሷም አብራ ነበረች። በ1967 ወደ አሜሪካ ስትመለስ ገበያው ሌላ ሆኖ ጠበቃት፤ ወጣቱ የሚሰማው ሮክንና የሞታውንን ሙዚቃ ነው። በቴሌቪዥን ድራማዎች አልፎ አልፎ ታየች፤ በትናንሽ ክበቦችም መጫወቷን ሳታቋርጥ ኦክቶበር 2 ቀን 1981 በ61 ዓመቷ በካንሰር አረፈች። መቃብሯ በኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ሉዊ አርምስትሮንግ ባረፈበት በፍላሺንግ መካነ መቃብር ነው።

ስሟ እንዴት ጠፋ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። ዝርዝሩ አለበት፤ አሥር ዓመት ከአገር መራቋ አለበት፤ ጋዜጦቹ ስለ ጣቶቿ ከመጻፍ ስለ ቀሚሷና ስለ ጌጧ መጻፍን መምረጣቸው አለበት። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የቴሌቪዥን ፕሮግራሟ ነገር ነው። ዱሞንት በ1956 ተዘጋ፤ የጣቢያው ፊልሞች አብዛኞቹ ጠፉ። ከ«ዘ ሔዘል ስኮት ሾው» እስከ ዛሬ የተገኘ አንድም ቅጂ የለም። ያ ሁሉ ተመልካች ያየውን ነገር ዛሬ ማንም ሊያሳይ አይችልም።

ስሟን መልሰው ያነሱት በኋላ የመጡ ሴቶች ናቸው። በ2008 ካረን ቺልተን የተባለች ጸሐፊ የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አወጣች። በ2019 ዘፋኟ አሊሺያ ኪስ በግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ በሁለት ፒያኖዎች መካከል ተቀምጣ በሁለት እጇ ሁለቱንም ስትጫወት፣ ይህን ያየችው ከሔዘል ስኮት መሆኑን ስሟን ጠርታ ተናገረች። እውነትም ሔዘል በ1943ቱ «ዘ ሂትስ ኦን» ላይ ጥቁርና ነጭ ሁለት ፒያኖዎች ይዛ እንዲሁ ተጫውታለች። ስለ ሽርጥ ለሦስት ቀን ሥራ ያቆመችበት፣ የሆሊውድን በር ያዘጋባት ፊልም ያ ነው። በ2025 ደግሞ ታሪኳ በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን በዘጋቢ ፊልም ቀረበ።

የፊተኛው ከሌለ የለም የኋለኛው ይባላል። አሊሺያ ኪስ ሁለቱን ፒያኖ ያየችው አንድ ሰው ያንን ፊልም ስላስቀመጠው ነው፤ የቴሌቪዥኑን ፕሮግራም ማንም ስላላስቀመጠው ማንም አላየውም። በየስደት አገሩ ቅዳሜና እሑድ በምግብ ቤት ጥግ ኪቦርድ የሚጫወቱ፣ ክራር የሚገርፉ፣ በማኅበረሰብ በዓላት ላይ የሚዘፍኑ ወንዶችና ሴቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ በአገር ቤት ስማቸው ከዝርዝር የገባ ናቸው። በየሰው ቁም ሣጥን ያሉት አሮጌ ካሴቶችና የቪዲዮ ክሮች ሳይበላሹ ወደ አዲስ ቅጂ ይዛወሩ። በላያቸውም የተጫዋቹ ሙሉ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። በተለይ ከዘፋኙ ጀርባ የተቀመጡት የሴቶቹ ስም አይዘንጋ።